ገንዘብ በገንዘብ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ዝዎለ ገበያ ድንኳኑ ሲዘረጋ፣
ጣቢያው ሥር ብስክሌት ስጠብቅ አድሬ፣ ሌሊቱ ሲነጋ፣
ሠላሳ አምስት ዩሮ በጓንቴ ይዤያለሁ፣
ከመብራት፣ ከጋዝ፣ ከሶስና የዋና ክፍያ ተርፎ፤
ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

ጥሩወርቅ ትስቅብኛለች፦
«ሰው በገንዘቡ ዱቄት ይገዛል፣ ሰው በገንዘቡ ጫማ፤
ገንዘብ ከፍሎ ገንዘብ የሚገዛ ካንተ በቀር የት ተሰማ?»
እውነቷን ነው፤ መልስ የለኝም።
አልበሜን ሳልገልጥ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሃያ ሁለት ጎድጓዳ አለው፣ እያንዳንዱ ለአንድ መልክ።
ዓመት በዓመት ማሳደድ፣ ያ የባለጸጋ ልክ፤
እኔ ከየዓይነቱ አንድ ብቻ።
ኖኅ እንኳ ጥንድ ጥንድ አስገባ፤
የኔ መርከብ ጠባብ ናት፣ አታስገባም ከነአቻ።

ይቺ ባለ አራት ማዕዘን፣ ጥጋ ጥጓ እንደ ሳሙና ያለቀች፣
ከአዝራር ጋር በቆርቆሮ ታሽጋ ስንት ዘመን የጠበቀች፤
አሮጊቷ አዝራር መስላት በሃምሳ ሳንቲም ሰጠችኝ፤
አልዋሽም፣ ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ቆረቆረችኝ።

ካባ የደረበችዋ ጉልደን፣ አንድ ክረምት ሙሉ
አውቶቡስ ትቼ በእግሬ ያመጣኋት ናት፤
ስይዛት አሁንም ጣቴን ይበርደዋል፣
እሷን እንጃ ምን እንደሚሰማት።

የጦርነቱ ዚንክ ደግሞ፣ ግራጫ፣ ቀላል፣ አፈር አፈር የሚል፣
ጠረጴዛ ላይ ቢጥሉት እንኳ እንደ ወጉ አያቃጭል፤
ጥርሱ ያለቀ ምስክር ነው።
አምስቱም በአራት ዩሮ።
የረሃብ ዘመን ገንዘብ ፈላጊው ለእኔ ቢጤ ነው።

አንዲት ቀረች።
ጉልደን ናት፣ ብር፤ ንግሥቲቱ ዘውድ ሳትጭን፣ ገና ልጅ ሳለች፣
ጸጉሯን ትከሻዋ ላይ ለቃ፣ ወደ ጎን እያየች።
የቀሩት መልኮቿ አሉኝ፣ አገጯ የወፈረበት ጊዜም፤
እርጅናዋን ጨብጫለሁ፣
ልጅነቷን ግን አላገኘሁም።

ሽማግሌው ዊብሬን አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፤
«መቶ ሃያ» አለኝ። ጓንቴ ውስጥ ያለው ያንን አይነካ።
ከዚያ ከሲጋራ ሣጥን ሥር ሌላ አወጣ፣ ተበስታለች።
«ይቺ የተበላሸች ናት፤ እንደ ብር ብቻ፣ በሚዛን ትሄዳለች።»

የተበላሸች?
እኔ ባደግኩበት ደጅ ማርትሬዛ የሚበሳው ለአንገት ነው፤
ብር የበሳ ሰው ሊያጠፋው አይደለም፣
ከምንዛሪ ሊያስጥለው ነው።
ማን ትሆን ያንጠለጠለቻት? ወተት አላቢ? የመርከበኛ እጮኛ?
አፍንጫዋ በደረት ሙቀት አልቋል፤ ጸጉሯ ግን አለ፣ እንደተኛ።
ቀዳዳው ደግሞ አናቷ ላይ፣
ዘውዱ ኋላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ።

«ዐሥራ አምስት» አልኩት። «ዐሥራ ስድስት» አለና ሳቀ።
ተጨባበጥን። የድንኳኑ ሸራ በዝናብ ተንጫጫ፣ ተናነቀ።

ቤት ስገባ ሶስና ነጠቀችኝ፤ በቀዳዳዋ አሾልካ
የጎረቤት ድመት አየች። «አባ፣ ድመቷ ጨረቃ ትሆናለች ለካ!»
ጥሩወርቅም፦ «ለቀዳዳም ትከፍላለህ?»
«ቅናሹ እሱ ነው» አልኳት።

ሃያ ሁለተኛዋ ቦታዋን ያዘች። አልበሙ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።
ያን ሌሊት በብስክሌቶቹ መሐል
የምመኘው ነገር አጣሁ፣ እስኪነጋ።

ሳምንቱ ደረሰ። ዐሥራ ዘጠኝ ዩሮ አለኝ፤ የሚገዛ ገንዘብ የለኝም።
እግሬ ግን ይህን አልሰማም።
ድንኳኑ ፊት ቆምኩ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ እንደ መንገደኛ።
ዊብሬን ቀና አለ፣ ጣቱን ወደ አንዲት ሣጥን ቀስሮ፦
«የቤልጅጎቹንስ አይተሃቸዋል?
መሐላቸው ቀዳዳ ነው፣ ከተወለዱ ጀምሮ።»